ጳጉሜን 30 ቀን ያደረጋት «ኤስ»

ይሄን ነገር ለሰው ካልተናገርኩ ሊገድለኝ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ቢሮ ብሎ ለመጥራት በሚያሳፍር አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። ከደንበኞቻችን አንዱ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን የሚያከራዩ ሐጂ ናቸው። ኪራዩ የሚታሰበው በቀን ነው። ፕሮግራማችን ዕቃው የተቀመጠበትን ቀን ይቆጥራል፣ በዋጋው ያባዛል፣ ሒሳቡን ያወጣል። በቃ ይኸው ነው ሥራው።

መስከረም 3 በጠዋት ሐጂ ደወሉ።

«ልጄ፣ ጳጉሜ 30 ቀን የሆነችው መቼ ነው?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ።

«አትሳቅ! የ25 ቀን ኪራይ ጨምሮበት ሰውየው እዚህ ቆሞ እየጮኸብኝ ነው።»

የሚያቃጥለው ደግሞ ጳጉሜን ያልረሳናት መሆኑ ነው። ፕሮግራሙን የጻፍንበት ቋንቋ ፓይተን ነው፣ አብሮት የሚመጣው የቀን መቁጠሪያ ደግሞ የፈረንጅ ነው። 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሰጡት «ወር ከ1 እስከ 12 ነው» ብሎ ስህተት ይወረውርባችኋል። ስለዚህ የራሳችንን ቆጣሪ ጻፍን። የምንሳሳተው እዚህ ጋ እንደሆነ ስለገባን ባልደረባዬ ለቀን ቆጠራው ብቻ 17 ቴስት ጻፈ፤ ቴስት ማለት ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ ነው። በ4 ዓመት አንዴ ብቅ ለምትለው ለጳጉሜ 6 እንኳን ቴስት አላት። የ2015ቷን ቀን አስገብቶ ነው የሞከረው። ልጁ ጠንቃቃ ነው፣ አልዋሽም።

ታዲያ ነሐሴ ላይ እኔ ቆጣሪውን «ላሳጥረው» ብዬ ነካካሁት። አዎ፣ እኔ ነኝ። ግን ቴስት የሚጻፈው እንደኔ ላለው ነካኪ አይደል? ከነካካሁ በኋላ ቴስቶቹን ሁሉ አስሮጥኩ። አረንጓዴ፣ አለፈ ማለት ነው! ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ላፕቶፔን አንጠልጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎን እየወረድን ሙቀቱ ሲመጣ ጃኬቴን አወለቅሁ። ያላበኝ ግን ከሙቀቱ ይልቅ ከሐፍረቱ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የማሾ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቴስቶችን ፈልጎ የሚያስሮጠውን ፓይቴስትን አስሮጥኩት። ላለፈ ቴስት ሁሉ አንድ አንድ ነጥብ ተደረደረ፣ መጨረሻ ላይ 41 አለፈ አለ። ምንም ቀይ የለም።

ሐጂ ትከሻዬ ላይ ሆነው ያያሉ። «አረንጓዴው ምን ማለት ነው?»

«ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።»

«እና ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚጮኸው?»

ምን ልመልስ? ዝም ብዬ ቁጥሩ ላይ አፈጠጥኩ። 41። ቆይ፣ የእኛ ቴስት እኮ 58 ነው። 17ቱስ የት ገቡ?

ጉዱን ስሙ። ፓይቴስት ፋይል የሚመርጠው በስሙ ነው። ወይ በ«ቴስት» እና በስር ሰረዝ (_) መጀመር አለበት፣ ወይ በስር ሰረዝ እና በ«ቴስት» ማለቅ አለበት። ባልደረባዬ የ17ቱን ፋይል መጨረሻው ላይ «ቴስትስ» ብሎታል። ብዙ ናቸው ብሎ አንዲት «ኤስ» ጨመረ። እሷን ካየ ፓይቴስት ፋይሉን አይነካውም።

ልጁ ሲጽፈው እንዴት ሠራለት ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠየቅሁት። ለካ ሁልጊዜ የፋይሉን ስም ጠርቶ ለብቻው ነበር የሚያስሮጠው። በስሙ ከጠራችሁት ይሮጣል። ሁሉንም አስሩጥ ስትሉት ግን ይዘለዋል። ወላሂ፣ ሠርግ ላይ ስሙ ካልተጠራ አልገባም ብሎ ደጅ የሚቆም ዘመድ ነው የሚመስለው።

ደግሞ እኮ አንድም ቴስት ካላገኘ ይናገራል! ሲጨርስ የሚሰጠው ቁጥር፣ መውጫ ኮዱ፣ 5 ይሆንና ሁሉ ነገር ይቆማል። ሌሎች 41 ስላገኘ ግን የቀሩትን 17 ከነመኖራቸውም አላወቀም። አንድ መስመር እንኳን «እዚህ ጋ ቴስት የሚመስል ነገር አለ» ቢል ምን ነበረበት?

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ። አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ቴስት በአንድ ስም ከጻፋችሁ የኋለኛው የፊተኛውን ይውጠዋል። ፓይተን ነው እንግዲህ፣ ትንፍሽ አይልም። አንድ ቴስት ቀድቼ ስሙን መቀየር ረስቼ ስንት ወር እንደቆየሁ አልናገርም።

የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ቴስቶቹ የሚሮጡበት ሌላው ኮምፒውተር፣ ሰርቨራችን፣ የሚሠራው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፣ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ለላፕቶፔ ቀኑ ተቀይሯል፣ ለሰርቨሩ ገና ትናንት ነው። መብራት ቀን ጠፍቶ ማታ ሲመጣ የምሠራው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። የዛሬን ቀን የሚያነቡት ቴስቶች እኔ ጋ አረንጓዴ፣ እዚያ ቀይ። ሲነጋ ሳልነካቸው ይድናሉ! እናቴ አንድ ሌሊት ስበሳጭ ሰምታ «አንተ ነህ የምትፈትነው ወይስ እሱ ነው የሚፈትንህ?» አለችኝ። ለእሱም መልስ የለኝም።

እዚያው ጆንያው ላይ «ኤስ»ዋን አጠፋኋት። እንደገና አስሮጥኩት። 58 አገኘ፣ 6 ቀይ። ቀይ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቆጣሪውን ወደ ድሮው መለስኩት፣ ሒሳቡ ተስተካከለ፣ ሰውየውም ዝም አለ። አሁን ከማስሮጤ በፊት ኮሌክት ኦንሊ በምትባለዋ፣ ሳታስሮጥ በምትዘረዝረው ትእዛዝ የቴስቶቹን ዝርዝር አወጣና እንደ ክፍል አለቃ ስም እየጠራሁ እቆጥራለሁ። አንዴ እጄን ተቃጥያለሁ።

ሐጂ ግን አልለቀቁኝም። ወር በገባ ቁጥር ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ጥቅምት ስንት ቀን ነው?»