ምድርን ከነአበሏ ላዳናችሁልን

ሰው ምስጋና ቢስ ሆኗል። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉት ሆቴሎች በየሳምንቱ ዓለምን ለማዳን ይህን ያህል ሰው እየለፋ፣ አንድም እግዜር ይስጥልኝ ያለ የለም። ስለዚህ እኔ ልበል። ወርክሾፕ ይለምልም! አበሉም አብሮ ይለምልም!

እስቲ ከግቢው እንጀምር። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሊመክሩ ከአዲስ አበባ የወረዱት ላንድክሩዘሮች ጥላ ጥላውን ይዘው ተደርድረዋል። አንዱ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው በሁለት መኪና ልኳል፤ ሰዎቹ ተኳርፈው ይሆናል። ሞተሩ ያልጠፋም አለ፣ ሾፌሩ ኤሲ ከፍቶ ተኝቷል። አትፍረዱበት። ውስጥ ያሉት የምድር ሙቀት ጨመረ እያሉ እሱ ለምን ይሙቀው? ደግሞም መላው አፍሪካ ተደምራ ከዓለም ጭስ ድርሻዋ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ ከፍ ብናደርገው ምን አለበት፣ ወደ ኋላ መቅረትስ እስከ መቼ!

አዳራሹ ውስጥ ባነሩ ተሰቅሏል። ፕላስቲክ ነው፤ ቀን ስለተጻፈበት ነገ አያገለግልም። በየሰው ፊት ሃይላንድ አለ። ተሳታፊው ሁለት ጉንጭ ይጠጣና ለሻይ ይወጣል፣ ሲመለስ የትኛው የእሱ እንደነበር ስለሚጠፋው አዲስ ይከፍታል። በዚህ መሀል ስክሪኑ ላይ ፌስታል የዋጠች የባሕር ኤሊ ትታያለች። አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን ይመጣል። ከንፈር መምጠጥ ጉሮሮ ያደርቃል፣ ሌላ ሃይላንድ ይከፈታል።

ከዚያ ውይይት ነው። "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" ያሉ ሰው ማይኩን ከያዙ በቃ፣ ምሳ ነው የሚያስጥላቸው፤ መድረክ መሪው "ክቡር ዶክተር፣ ባጭሩ" እያለ ይለማመጣል፣ ክቡር ዶክተርም "እያጠቃለልኩ ነው" ይሉና አዲስ ሐሳብ ይጀምራሉ።

ከበረንዳው ደግሞ ሐይቁ ይታያል። ቻይ ሐይቅ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ክረምት ሲመጣ ከየማሳው የታጠበው አፈርም፣ ጎርፍ ከከተማው የጠረገው ቆሻሻም ጉዞው እዚያው ያበቃል። ይህን ለማወቅ ፓወር ፖይንት አያስፈልግም፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያ ወርዶ አሳ አጥማጁን መጠየቅ ይበቃ ነበር። እሱ ግን አይጠራም። ልክም ነው! ወርክሾፑ የግንዛቤ ማስጨበጫ ነው፣ እሱ ደግሞ የግንዛቤ ችግር የለበትም፤ መረቡን ሲጎትት ከቆሮሶው ጋር ሃይላንዱ አብሮ ይመጣለታል። ደግሞ ያጠመደውን ቆሮሶ ባለድርሻ አካላት ምሳ ላይ በልተውለታል፣ ስለዚህ ተሳትፎው በተወካይ ተረጋግጧል።

ታዲያ ይህን ጥበብ እኛ ፈጠርነው እንዳትሉ። ትልልቆቹ አገሮች ናቸው ያስተማሩን። እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ አካባቢ ጥበቃ ሊመክሩ ስቶክሆልም ተሰበሰቡ። በ1992 ሪዮ፣ በ1997 ኪዮቶ። በ2015 ፓሪስ ላይ የምድርን ሙቀት ጭማሪ 1.5 ዲግሪ ላይ ለማቆም እንጥራለን አሉ። ከዚያ በ2023 ዱባይ ላይ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ፣ ሌሊቱን ሁሉ ሲከራከሩ አድረው፣ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ እየተላቀቅን እንሂድ የሚል ነገር ወረቀት ላይ ሰፈረ። ከሪዮ 31 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ለመጻፍ! የእኛ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኮ በሁለት ቀን አበል ይጨርሰው ነበር።

ገንዘቡም እንደዚያው። ሀብታሞቹ አገሮች በ2009 ኮፐንሃገን ላይ፣ እስከ 2020 ድረስ ለድሆቹ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን ብለው ቃል ገቡ። የሞላው በ2022 ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ብድር ነበር። በሀበሻ ቀጠሮ ከሆነ ይሄ በሰዓቱ መገኘት ነው፣ አይወቀሱም። በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ 300 ቢሊዮን አሉ። መቼ? በ2035።

ቤተሰቡን ያሰደበ አንድ ስምምነት ብቻ ነው። የ1987ቱ የሞንትሪያል። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን ኦዞን የሚበሉትን ጋዞች ከፍሪጅና ከስፕሬይ እናስወጣ ተባለ፣ የዓለም አገር ሁሉ ፈረመ፣ ድሆቹ አገሮች የሚቀይሩበት ገንዘብ ተመደበ፣ ከዚያማ ጉድ ፈላ፣ ያሉትን አደረጉት! ኦዞኑ እያገገመ ነው፤ ከዋልታዎቹ በስተቀር በ2040 አካባቢ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል ይላሉ ሳይንቲስቶቹ። አሁን ለኦዞን ብሎ ሀዋሳ የሚጠራችሁ አለ? የለም። በገዛ እጃቸው የስንቱን አበል ዘጉት።

ደግነቱ እኛ እንዲህ አንዳፈርም። ኮፕ 32 የሚሉት የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እስከዚያ ሀዋሳ ላይ የቅድመ ዝግጅት ወርክሾፕ ያስፈልጋል፣ ከዚያ የቅድመ ዝግጅቱ ግምገማ፣ ከዚያ የግምገማው ቫሊዴሽን። ማታ ማታ በጀልባ የልምድ ልውውጥ። በመዝጊያው ቀን ችግኝ ተከላ ይኖራል፣ ለፎቶው ኮፍያና ቲሸርት ይታደላል። ለቁፋሮ ማንም አይጨነቅ፤ አምና የተቆፈሩት ጉድጓዶች እንዳሉ ናቸው፣ ችግኞቹ ደርቀው ቦታውን ለቀውልናል።