ዝናብ ከከተማ ጋር አይወዳደርም

ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን እየጠበቅኩ ነው። የእህቴ ልጅ በሁለቱም ገጽ የታተመ ወረቀት ይዛ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ለማትሪክ ትዘጋጃለች። ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ እኔን ግን ከማትሪክ ማን ያላቅቀኛል።

«ጋሼ፣ ይቺን እስቲ እያት» አለችኝ።

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄ ነው። «የጎሬ ዝናብ ከሰመራ ይበልጣል» ይላል፤ ስህተቱን አውጣ ነው ትእዛዙ። ሁለቴ አነበብኩት። ጎሬ ኢሉባቦር ውስጥ ያለች፣ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። ሰመራ አፋር ነው፤ እዚያ ዝናብ ብቅ ሲል እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ነው የሚታየው። ታዲያ ምኑ ነው ስህተቱ?

«ስህተት የለውም» አልኳት በሙሉ ልብ።

«ጋሼ ደግሞ! ዝናብ ከከተማ ጋር ይወዳደራል እንዴ?»

ለካ እንግሊዝኛው የጎሬን ዝናብ ከሰመራ ዝናብ ጋር እንጂ ከሰመራ ከራሷ ጋር ማወዳደር አይፈቅድም። «ዛት ኢን» የሚባሉ ሁለት ቃላት መሃል መግባት አለባቸው። ዝናብ ከዝናብ፣ ከተማ ከከተማ። በአማርኛ ብትለው ማን ዞር ብሎ ያይሃል? ሰመራ ከነሕንጻዋ ከሰማይ ስትወርድ የሚታየው ሰው የለም።

በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መታረም ደስ አይልም። ስለዚህ ወረቀቱን ተቀብዬ ሌላ ስህተት ፍለጋ ገባሁ። ከልጅቷ አይደለም፣ ከእንግሊዝኛው።

አገኘሁም። የሚቆጠርና የማይቆጠር የሚባለው ነገር ነው። ለሚቆጠረው «ሜኒ»፣ ለማይቆጠረው «መች»። ሲያንስ ደግሞ ለሚቆጠረው «ፊወር»፣ ለማይቆጠረው «ሌስ»። እስከዚህ ጥሩ። ማነው ግን የሚቆጠረውን የወሰነው? ስንዴ አይቆጠርም፣ ምስር ይቆጠራል። ቀይ ሽንኩርት ይቆጠራል፣ ነጭ ሽንኩርት አይቆጠርም! እህቴን ጠርቼ ነገርኳት። ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ የኖረች ሴት ናት። «አይቆጠርም ያለው ሰው ልጦ አያውቅም» አለች። ገንዘብም አይቆጠርም ይላሉ። ባንክ ቤት ያለው ማሽን ታዲያ ቀኑን ሙሉ ትር ትር የሚለው ምን ሲሠራ ነው?

አተር ደግሞ የባሰበት ነው። ድሮ በእንግሊዝኛ እንደ ስንዴ የማይቆጠር ነበር፤ «ፒዝ» ይሉታል። መጨረሻው ላይ ያለውን «ዝ» ሰዉ የብዙ ቁጥር ምልክት መሰለውና ቆርጦ ጣለው፣ «ፒ» የምትባል አንዲት አተር ተወለደች። በስህተት! የእነሱ ስህተት መዝገበ ቃላት ይገባል፣ የእኛ ስህተት ነጥብ ያስቀንሳል።

«ፊወር» እና «ሌስ»ም ቢሆን ከሲና ተራራ የወረደ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ሮበርት ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ «ለሚቆጠር ነገር ፊወር ቢባል ለጆሮዬ ይሻለኛል» ዓይነት አስተያየት ጻፈ። የአንድ ሰው ጆሮ ነው እንግዲህ፤ አድጎ አድጎ የእህቴን ልጅ የሚጥል ሕግ ሆነ። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ቴስኮ የሚባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ለጥቂት ዕቃ ገዢዎች በለየው ካሸር ላይ «ሌስ» ብሎ ለጥፎ ኖሯል። የሰዋስው ሰዎች ሲጨቀጭቁት እ.ኤ.አ. በ2008 «እስከ 10 ዕቃ» ብሎ ከጭቅጭቁ ወጣ። ብልህ ነው። የእህቴ ልጅ ግን ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱን ማክበብ አለባት፣ ከጭቅጭቁ የሚያወጣ ምርጫ የላትም። ቶፍል የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና እንኳ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ለብቻው የነበረውን የሰዋስው ክፍል አራግፎታል። እኛ ጋ አለ፤ የተጣለ ነገር እኛ ጋ አይጠፋም።

በአማርኛ «ብዙ» አለን፣ ለውሃውም ለሰዉም ይሆናል። ቁጥር ከተጠራ ደግሞ ስሙን ማብዛት ግድ አይደለም። የምወደውን ተረት ተመልከቱ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ሃምሳ ሎሚዎች አይልም፣ ሃምሳ ሰዎችም አይልም። ሃምሳ ካልኩህ ብዙ መሆኑን መቼ አጣኸው? ይህን ተረት ሳልጠራ ያለፍኩበት ሠርግ የለም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስንተክልም ተናግሬው የድንኳኑን ቋሚ አስይዘውኛል፤ ለብቻዬ።

የታክሲ ረዳት ከዚህም ያለፈ ሰዋስው አለው። «ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ገብተህ ስታይ ሁለት ሰው ነው የተቀመጠው። አልዋሸም እኮ፤ ሁለት የሚለው ቁጥር እውነት ነው፣ ስህተቱ «የቀረው» ላይ ነው። ስህተቱን አውጣ ቢባል አወጣዋለሁ፣ ራሴ ግን ሃያ ደቂቃ ከታክሲው አልወጣም።

ወደ ማወዳደር ልመለስ። እውነቱን ለመናገር በአማርኛ የሚያወዳድረን ሰው አላነሰንም። አራተኛ ክፍል ከ68 ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ስገባ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት ጎረቤታችን ተቀበሉኝና አዩት። «አንደኛ የወጣው የእኔ ልጅ ነው» አሉ። ቀጥለውም «እሱ ሁለት ጭንቅላት አለው እንዴ?» አሉኝ። ከኋላዬ 66 ተማሪ አለ፣ ስለ እነሱ ጭንቅላት የጠየቀኝ የለም። ያንን ካርድ እስከዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ምቀኝነት አይደለም፣ ሰነድ ነው።

ልጃቸው አሁን አሜሪካ ነው። እኚሁ ሴትዮ ባገኙኝ ቁጥር ደመወዜን ይጠይቁኝና «ኧረ የኔ ልጅ በሳምንት ነው ይህን የሚያገኝ» ይላሉ። የእኔን ብር ከእሱ ዶላር ጋር፣ ያውም የቤት ኪራዩን ሳይነኩ! የሚቀረውን ከሚቀረው ጋር ማን ያወዳድር? እዚህ ላይ ነበር «ዛት» የምታስፈልገው፣ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን እዚህ።

ይሄስ ይሁን፣ ሽማግሌ ነኝ እችለዋለሁ። የማልችለው የልጆቹን ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 900 ሺህ ገደማ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ውጤቱ የወጣ ሰሞን ስንት ሰው ነው «በኛ ጊዜ» እያለ ሲያወዳድር የከረመው? በኛ ጊዜ! ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት ልጅ ከገጠር ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። የገጠሩ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተማር ተብሎ መጽሐፉን ለሦስት የሚጋራ ነው። ከዚያ «እገሌ ከእገሌ በለጠ» ይባላል። እነሱን ስናስቀምጥ ዝናብን ከከተማ ጋር ነው ያወዳደርነው። ደግሞ እኮ ለልጆቹ «ተመሳሳይ ነገር ካላወዳደርክ ስህተት ነው» ብለን ነጥብ የምንቀንሰው እኛው ነን። አፍ አለን?

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው ለካ የምናገረው። እህቴ በረካውን ይዛ ቆማለች። «ቡናው ቀዘቀዘ» አለች። ልጅቷ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ሃያኛው ላይ ደርሳለች።

«ጋሼ፣ ሰባተኛውን ሳትነግረኝ ቀረህ» አለችኝ። እጥፍ ነው ነገሩ። አበበች ከወንድሟ እጥፍ መጽሐፍ አላት፤ «ቱዋይስ» ካልን በኋላ «ሞር» ነው ወይስ «አዝ ሜኒ»? አከራዬ ባለፈው ዓመት «በእጥፍ» ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ቢሆንም ላለማፈር «ሐ» አልኳት።

«ለ» ላይ አከበበች። እናቷ በትከሻዋ በኩል ብቅ ብላ ወረቀቱን እያየች ነበር።

«የእነ እንትና ልጅ እኮ ትናንት ነው የጨረሰችው» አለች።