የጤና መድን ግዴታ ከመንግሥት ይጀምር

ሕክምና መብት ነው በሚለው ላይ መንግሥታት ከተስማሙ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 25 ሕክምናን ከምግብ፣ ከልብስና ከመጠለያ ጎን አስቀምጦታል። በ1966 የጸደቀው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም አጠናክሮታል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2023 እንዳስታወቁት፣ መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን በሙሉ የማያገኘው ሕዝብ 4.5 ቢሊዮን ገደማ ነው።

ፊርማ ብቻውን ኩላሊት አያጥብም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት የጤና አገልግሎት የማግኘትን መብት በግልጽ ይደነግጋል። በ1997 ሥራ የሌለው የ41 ዓመት ሰው፣ ኩላሊቱ ከሥራ ውጪ ሆኖበት፣ ደርባን የሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል እጥበት እንዲያደርግለት ይገደድልኝ ብሎ እስከ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ደረሰ። ማሽኖቹ ጥቂት ነበሩ፤ ሌላም ሕመም ስለነበረበት ሆስፒታሉ ያወጣውን መስፈርት አላሟላም። ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ግዴታ ባለው አቅም ልክ ነው ሲል ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዳኞቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን ማንሣቴ። መብቱን የሚሸከም ገንዘብ አስቀድሞ ካልተዋጣ፣ ፍርድ ቤት የሌለ ማሽን ሊያድል አይችልም።

ታዲያ ገንዘቡን ማን ያዋጣ? የጤና መድን፣ ማለትም ሰው ሳይታመም አስቀድሞ የሚያዋጣው የጋራ የሕክምና ገንዘብ፣ ለየሰው ፈቃድ ብቻ ከተተወ፣ ጤነኛው «ኋላ እደርስበታለሁ» ይላል፤ የታመመው ግን ዛሬውኑ ይመዘገባል። ወጪው ከመዋጮው ይበልጣል፣ መዋጮው ይጨመራል፤ ሲጨመር ከአባላቱ ጤነኛ የሆነው ይወጣል፣ የቀረው ላይ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። መድን ሰጪው ከዚህ የሚያመልጠው ስኳር ያለበትን፣ ካንሰር ይዟት የነበረችውን በር ላይ በመመለስ ነው። ማለትም ሕክምና ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ተመርጦ ይባረራል። ይህን ማንም ክፉ ሰው አላቀደውም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋል። ስዊዘርላንድ ከ1996 ጀምሮ የምትሠራበት ሕግ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረው ለዚህ ነው፦ ነዋሪ ሁሉ መሠረታዊውን መድን ይገባል፤ መድን ሰጪውም ማንንም በሕመሙ ምክንያት መመለስ ወይም ለይቶ ማስከፈል አይችልም።

«ገንዘቤም ጤናዬም የራሴ ነው፤ ለምን እገደዳለሁ?» የሚለውን ተቃውሞ አልንቅም። መንግሥት ኪስ ውስጥ እጁን ሲሰድ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ሰው ነገ መኪና ገጭቶት ራሱን ስቶ ቢመጣ፣ ሐኪም መድን አለህ ወይ ብሎ አይጠብቅም፤ መጠበቅም የለበትም። በአሜሪካ እንኳ፣ የግል መድን በገነነበት አገር፣ የ1986 ሕግ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ሕመምተኛን መክፈል ባይችልም እንዲያረጋጉት ያስገድዳል። ያ ወጪ በሌላው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ተቃውሞው የሚጸናው እኛ የወደቀን ሰው ረግጠን ለማለፍ ከጨከንን ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የድሃው ጥያቄ ነው፦ ከየት አምጥቼ? አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ መድን የማይገባ ሰው እንዲቀጣ ደንግጋ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ የፌዴራሉ ቅጣት ወደ ዜሮ ወረደ። የመድን ገበያው ይፈርሳል ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ አልፈረሰም። ሰውን ያቆየው በአብዛኛው መንግሥት ለመዋጮው የሚያደርገው ድጎማ ነበር። እንግዲህ ከበትሩ ይልቅ እገዛው እንደሚሠራ ልብ ማለት ይገባል።

ደመወዝተኛ ጥቂት በሆነበት አገር ጉዳዩ ይከብዳል። ጀርመን በ1883 የሠራተኞች የሕመም መድንን ስትጀምር ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍሉ ነበር፤ ከደመወዝ መቁረጥ ቀላል ነው። ከገበሬና ከጉልበት ሠራተኛ ግን ከምኑ ይቆረጣል? ታይላንድ በ2002 መዋጮ ከመልቀም ይልቅ ወጪውን ከጠቅላላ ግብር መሸፈንን መረጠች፤ ታካሚው በአንድ ጉብኝት 30 ባህት ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። ሩዋንዳ አባልነትን በሕግ ግዴታ ስታደርግ የድሃ ድሃውን መዋጮ መንግሥትና አጋሮቹ እንዲሸፍኑ አድርጋለች። መንገዶቹ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን በባዶ እጁ ያለውን «ክፈል» ብለው አልተነሡም።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፦ መድን ግዴታ ይሁን፤ ግዴታው ግን ከመንግሥት ይጀምር። ዓመቱን ሙሉ ያዋጣች እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ» ከተባለች፣ የተወሰደባት ገንዘብ መዋጮ መሆኑ ቀርቶ ቅሚያ ሆኗል። በሚቀጥለው ዓመት አላድስም ብትል ማን ይፈርድባታል? ከፋዩን የሚቀጣ አንቀጽ ያለው ሕግ፣ መንግሥትንም የሚቀጣ አንቀጽ ይኑረው፦ በመድኑ ዝርዝር ውስጥ ቃል የተገባ መድኃኒት ወይም ምርመራ በተቋሙ ከታጣ፣ ታካሚው ከግል የገዛበትን ደረሰኝ አቅርቦ ሙሉ ገንዘቡን በተወሰነ ቀን ውስጥ ይቀበል፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ከነወለዱ ይከፈለው።