መኪና የሚፈተነው ቤተሰብ ተጭኖበት ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያደርገውን ሙከራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደላላው ቁልፉን ይዞ ይመጣል፤ ገዢው የሚያምነውን መካኒክ ያስከትላል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ የሞተሩ ድምፅ ይደመጣል፣ ቀለሙ በእጅ ይዳሰሳል፣ ሊብሬው ይገለጣል። ከዚያ ገርጂ ወይም ቦሌ አካባቢ አንድ ዙር ተነድቶ «ንጹሕ ናት» ይባላል። ሻጩ ደግሞ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ እንደተነዳች፣ የያዘቻትም ሴት እንደሆነች ይምላል። «ነዳጅስ?» ሲባል «አሽትታ ነው የምትሄደው» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ጨዋታውም በዚሁ ያበቃል።

ለብዙ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁ ወጪ መኪና ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ሙከራ መገዛቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የቤተሰብ መኪና መፈተን ያለበት ቤተሰቡ ከነጓዙ ተጭኖበት፣ ከከተማ ወጥቶ፣ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም አይቶ ነው ባይ ነኝ። በተለይ «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚለው ስም የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው እዚያ ነው።

ይህን የምለው በቅርቡ ዕድሉን ስላገኘሁ ነው። ወደ ውጭ አገር ሊሄድ የተዘጋጀ የሥራ ባልደረባዬ ሱዙኪ ዲዛየሩን እየሸጠ ነበር። ለመግዛት እንደማስብ፣ ነገር ግን እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ጭኜ ሐዋሳ ደርሼ ሳልመለስ ቃል እንደማልሰጥ ነገርኩት። ትንሽ አቅማማ። ነዳጁን እኔ እንድችል፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የእኔ እንዲሆን በወረቀት ተፈራረምን፤ መድን ድርጅቱም ሌላ ሰው ሲነዳት ሽፋኑ እንደማይቋረጥ አረጋገጠልን። ቁልፉን ሰጠኝ።

ዲዛየር ከተማችንን ለምን እንዳጥለቀለቀች ለመረዳት የሁለት አገር ግብር ሰብሳቢዎችን ማወቅ ያስፈልጋል። ሕንድ ውስጥ ርዝመቷ ከአራት ሜትር ያልደረሰና የቤንዚን ሞተሯ ከ1,200 ሲሲ ያልበለጠ መኪና ዝቅ ያለ ቀረጥ ትከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣችው የመጀመሪያዋ ዲዛየር 4 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ትረዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ግን 3 ሜትር ከ99.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ተቆረጠች። ጅራቷ ድንገት የቆመ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ ባላቸው አዲስ መኪኖች ላይ 5 በመቶ ብቻ ሲጥል፣ ከዚያ አልፈው እስከ 1,800 ሲሲ በሚደርሱት ላይ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ በሆኑት ላይ 100 በመቶ ጣለ። የዲዛየር ሞተር 1,197 ሲሲ ነው። በኒው ዴልሂ ሕግ ልክ የተሰፋ ልብስ አዲስ አበባም ላይ ልክ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ይህች መኪና ለአምስት ሰው ቤተሰብ የታሰበች ናት ብሎ መነሳት ዋህነት ነው፤ አስቀድማ የታሰበችው ለቀረጥ ሰንጠረዥ ነው። ለቤተሰብም ከበቃች ትርፍ ነው።

እኔ የነዳኋት እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣችው ሦስተኛዋ ትውልድ ናት፤ ማርሿ በእጅ የሚቀየር። የኋላው ዕቃ መጫኛዋ 378 ሊትር ነው፤ ለመጠኗ መጥፎ አይደለም። ግን እናቴ ባዶ እጇን ሰው ቤት አትገባም። ሐዋሳ ላለችው እህቷ ያዘጋጀችው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቅቤ ገና የእኛ ሻንጣ ሳይመጣ ግማሹን ቦታ ያዘ። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን አጋድማም አቁማም ሞከረች፤ በመጨረሻ የልጆቹ ጫማ በየቀዳዳው ተወትፎ ክዳኑ ተዘጋ። ተቀያሪው ጎማና ክሪኩ ከወለሉ ሥር ናቸው። መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ በርበሬውም ቅቤውም አስፋልት ዳር መውረድ አለባቸው ማለት ነው። ቦሌ ላይ አንድ ዙር የነዳ ገዢ ይህን ከየት ያውቃል?

ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ ማሰር ይቻል ነበር። አላደረግሁትም፤ ጣሪያ ላይ የታሰረ ዕቃ ነፋስ ስለሚይዝ ነዳጅ ይበላልና ሙከራውን ያበላሽብኛል። ይልቅ ጎሚስታ ጋ ሄጄ የጎማዎቹን ንፋስ አስተካከልኩ። በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተለጠፈውን ማሳሰቢያ ስንቶቻችን እናነበዋለን? ለቀላል ጭነትና ለሙሉ ጭነት የሚሞላው ንፋስ ይለያያል። ጎማው ለስለስ ባለ ቁጥር መንገዱን ይጎትታል፣ ሞተሩም በነዳጅ ይከፍላል።

የአዲስ አበባ ሰው ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወራ ከፍታውን ይረሳል። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወረቀት ላይ 83 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ዲዛየር ቃሊቲ ላይ 65 አካባቢ ይዛ ነው የምትሮጠው። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስንወርድ ለውጡ ተሰማኝ፤ መቂ አካባቢ ነዳጅ መስጫውን ነካ ሲያደርጓት ቃሊቲ ላይ ያልነበራት ፍጥነት አላት። ሙቀቱ ሲጨምር ግን አየር ማቀዝቀዣው ይከፈታል፣ የተገኘው ጉልበትም በከፊል ለእሱ ይሄዳል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ከፍጥነት መንገዱ ወጥተን፣ ላንጋኖን አልፈን ወደ አርሲ ነገሌ ሽቅብ ስንወጣ ነው። ከፊታችን ድንች የጫነ አይሱዙ ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ያዘግማል። በአራተኛ ማርሽ ልቅደመው ብል መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልፈጠነችም። ወደ ሦስተኛ አወረድኩ፤ ባለቤቴ ሳልጠይቃት አየር ማቀዝቀዣውን አጠፋች። መሪው ላይ እጄን አጠንክሬ ብቅ አልኩና ከፊት የሚመጣ ሚኒባስ ሳይ ተመልሼ ገባሁ። እናቴ ከኋላ «ምን አስቸኮለህ ልጄ? እሱም መድረሱ አይቀርም» አለች። ከአይሱዙው ጀርባ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየሄድን ዳገቱን ጨረስነው። አምስት ሰው ከነጓዙ የጫነ ባለ 1.2 ሊትር ሞተር ዳገት ላይ ለመቅደም ረጅም ባዶ መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ ባዶ ካልሆነ መታገስ ነው፤ ይህን የማይችል ሹፌር ይህችን መኪና ለቤተሰብ ባይገዛ ይሻላል።

ከኋላ የተቀመጡት ሦስቱ ተሳፋሪዎች ፍርዳቸው አንድ አይደለም። እናቴ መቀመጫው ለወገቧ ተስማምቷታል፤ ከፍ ብሎ ስላልተሠራ ለመውጣትና ለመውረድ ግን እጅ መያዝ ነበረባት። ትልቋ ልጄ መስኮቱን ስላገኘች ቅሬታ የላትም። መሃል የተቀመጠው ትንሹ ግን ከፊት ወንበሮች መካከል ወደ ኋላ የወጣው የአየር መተንፈሻ ሳጥን ጉልበቱን እየነካው አስቸገረው፤ ሻሸመኔ ስንደርስ እግሩን እናቴ ጭን ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። መሃሉ የሕፃን ቦታ ነው፣ ለዐዋቂ አይሆንም። የሻሸመኔን ባጃጅና ጋሪ ለመሸሽ ግን ከዚህች የምትሻል አይመስለኝም፤ መሪዋ ቀላል፣ መዞሪያዋ አጭር ነው። ከመሬት ያላት ከፍታ ባዶዋን 16 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ስለሆነ፣ በየከተማው መግቢያ የተሠሩትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ሙሉ ጭነት ይዞ በቀጥታ ማለፍ አይቻልም። አንደኛው ሆዷን ፋቃት፤ ከዚያ በኋላ አግድም እያደረግሁ ነው ያለፍኳቸው።

አሁን ወደ ነዳጁ። ሦስተኛዋ ዲዛየር ስትወጣ በሕንድ የሙከራ ደንብ የተሰጣት ቁጥር በሊትር 22 ኪሎ ሜትር ነበር። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የተገኘው ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መኪናዋ በሚሽከረከር በርሜል ላይ ቆማ፣ ፍጥነቷ ከ90 ሳያልፍ፣ አየር ማቀዝቀዣው ተዘግቶ ነው። ዳገት የለ፣ ነፋስ የለ፣ በርበሬ የለ። እኔ የያዝኩት ዘዴ አያቶቻችንም የሚያውቁት ነው፦ ስነሳ እስከ አፉ አስሞላሁ፣ ሐዋሳ ስደርስ እንደገና እስከ አፉ አስሞላሁ፣ ስመለስም እንዲሁ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ማካፈል ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ቁጥር አልተመለከትኩትም፤ ለጋስ መሆኑን ስለማውቅ።

ስንሄድ በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰጠችን። ስንመለስ 15 ላይ ወረደች። መኪናዋ ያችው፣ ሰዎቹ እነዚያው፣ ሹፌሩም እኔው። ልዩነቱን ያመጣው መሬቱ ነው፤ ሐዋሳ በ1,700 ሜትር አካባቢ ስላለች ስንሄድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ወርደናል፣ ስንመለስ ያንኑ ወጥተናል። ከመቂ የገዛነው ሽንኩርትም አልቀለለም፤ የበርበሬውን ቦታ ወርሶ ነው የመጣው። በዚያ ላይ ስንመለስ በፍጥነት መንገዱ ላይ ወደ 110 ተጠግቼ ነበር፤ ልጆቹ ተርበዋል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው የሚያድገው። ከ90 ወደ 110 ሲወጡ ነፋሱ በግማሽ ያህል ይከብዳል። ለመድረስ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነዳጁ ግን ይታያል።

በደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ 33 ሊትር ከምናምን ሄደ። በ22ቱ ስሌት ቢሆን 25 ሊትር ይበቃ ነበር። ዘጠኝ ሊትር የሚጠጋ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ101 ብር አልፏል፣ ከዚያም ወዲህ አልቆመም። ቢሆንም ፍትሐዊ ልሁን። አምስት ሰው ጭኖ በአማካይ በሊትር ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ትልቅ ነገር ነው። 37 ሊትር የሚይዘው ታንከሯ ሐዋሳ አድርሶ መመለስ ይችላል፤ ነዳጅ ፍለጋ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ያደረ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል። ለሻጮች ያለኝ ቅሬታ የሌለ ቁጠባ መናገራቸው ሳይሆን ያለውን በማይገናኝ ሁኔታ መናገራቸው ነው።

ነዳጅ የማይነሣበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ደኅንነት። እ.ኤ.አ. በ2024 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ግጭት ፈታኝ ድርጅት ለአራተኛዋ ትውልድ ዲዛየር ለዐዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ አምስት ኮከብ ሰጥቷታል። የቀድሞዋ ያገኘችው ሁለት ነበር። እኛ ጎዳና ላይ የሚበዙት የቀድሞዎቹ ናቸው። መኪና ቀላል ሲሆን ነዳጅ ይቆጥባል፤ ቅለቱ ከብልህ ንድፍ ነው የመጣው ወይስ ከስስ ቆርቆሮ የሚለውን ግን መካኒኩ ኮፈን ከፍቶ አይነግራችሁም። ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ አይሱዙ ለመቅደም ብቅ ባልኩባት ቅጽበት ያሰብኩት ስለ ኮከቦቹ ነው።

«በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ስለ ቤንዚን ምን ያወራል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ፣ አገር ውስጥ ያሉት ያገለገሉ መኪኖች እየተቀባበልናቸው ነው። ይህ ራሱ ሙከራው እንዲጠነክር ያስገድዳል። ከእጅ ወደ እጅ የምታልፍ መኪና ላይ ስህተት ቢገኝ አዲስ አምጥቶ መተካት እንደ ድሮው አይቻልም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሒሳቡ ያዋጣል፤ በየክረምቱ ቤተሰቡን ጭኖ አገር ለሚጠይቅ ግን ባትሪውን መንገድ ላይ የት እንደሚሞላ መመለስ የሚኖርበት ጥያቄ ነው።

ሻጮች ለምን እንደሚፈሩ ይገባኛል። ንብረታቸው ነው፤ ያልከፈለ ሰው ይዞት ሲወጣ ልብ ይሰቀላል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ሻጩ ራሱ አብሮ ይሂድ፣ ወይም ቀብድ ይያዝ፣ ውል ይፈረም። ሐዋሳ ሩቅ ከሆነ ደብረ ብርሃን አለ፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነ ሞተሩ የደበቀውን ሁሉ ያወጣል። ባለቤትም፣ ልጆችም፣ እናትም ይጫኑ፤ ሻንጣውም ይግባ። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው።

እኛ ቤት ክርክሩ አላለቀም። ባለቤቴ ከአራት ላልበለጠ ሰው እንደምትበቃና በየቀኑ ከተማ ውስጥ ለምንነዳው ከዚህ የምትሻል እንደማናገኝ ትናገራለች፤ እኔም እስማማለሁ። እናቴ ስትጨመር ግን አንድ ሰው መሃል መቀመጥ አለበት፣ ትንሹም እያደገ ነው። ባልደረባዬ የጠየቀው ዋጋ ላይ የአራቱን ጎማ ሒሳብ እንዲቀንስልኝ ነግሬዋለሁ፤ የፊተኞቹ ውስጠኛ ጠርዛቸው ተበልቶ ያየሁት ሐዋሳ ጎሚስታ ጋ ነው።