ሮሊንግ ስቶንስ በ1981 መሰናበት ነበረበትን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ዘ ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ከ1981 በኋላ መቀጠል አልነበረበትም» የሚል ነው። ባንዱ በ1962 ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ ጁላይ 12 ቀን በማርኪ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ከወጣ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ ሠርቷል። ሁለቱ ተከራካሪዎች ተራ በተራ ሁለት ሁለት ጊዜ ጽፈዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ጊታር አይያዝ የሚል ሙግት እንደሌለኝ አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። የባንዱ ድምፃዊ ሚክ ጃገርና ጊታር ተጫዋቹ ኪዝ ሪቻርድስ ሁለቱም የተወለዱት በ1943 ነው፤ በዚህ ዕድሜ በስታዲየም መድረክ ላይ ሲሮጡ ማምሸት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሥራውን የሚመለከት ነው። አንድ ባንድ አዲስ ነገር መፍጠሩን ከተወ በኋላ የቀድሞ ዘፈኖቹን ይዞ ዓለምን ሲዞር ቢኖር፣ ይህ የሙዚቃ ሕይወቱ ቀጣይ ምዕራፍ ነው ወይስ ንግድ? እኔ ንግድ ነው እላለሁ፤ ድንበሩንም 1981 ላይ አሰምራለሁ።

ባንዱ ከ1964 እስከ 1981 ድረስ በእንግሊዝ አገር 16 የስቱዲዮ አልበሞች አሳትሟል። ከእነዚህ መካከል ከ1968 እስከ 1972 ተከታትለው የወጡት ቤገርስ ባንኬት፣ ሌት ኢት ብሊድ፣ ስቲኪ ፊንገርስ እና ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት አቻቸውን ለማግኘት የሚያስቸግሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት 42 ዓመታት፣ ማለትም እስከ 2023 ድረስ፣ የራሱን ድርሰቶች የያዙ አልበሞች ግን 7 ብቻ ናቸው፤ ከ2005 እስከ 2023 ባሉት 18 ዓመታት ደግሞ አንድም እንዲህ ያለ አልበም አልወጣም። የ1981ዱ ታቱ ዩ የተባለው አልበም ራሱ የጉዳዩ ምስክር ነው። ጃገርና ሪቻርድስ ግንኙነታቸው ሻክሮ ስለነበር የድምፅ መሐንዲሱ ክሪስ ኪምዚ በቀደሙት ዓመታት ተቀርጸው የተተዉትን ዘፈኖች ከመዝገብ እየፈለገ አወጣ፤ ጃገርም በብዙዎቹ ላይ ግጥምና ድምፅ ጨመረባቸው። እስከ ዛሬ ስታዲየሙን ከመቀመጫው የሚያስነሣው «ስታርት ሚ አፕ» የተገኘው ከዚያ ክምችት ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 ቀን ጃገር፣ ሪቻርድስ፣ ሌላው ጊታር ተጫዋች ሮን ውድና ፒያኖ ተጫዋቹ ኢያን ስቱዋርት፣ በአሜሪካ ከሚያደርጉት ትልቅ የኮንሰርት ጉዞ መሐል፣ ቺካጎ ውስጥ ቼከርቦርድ ላውንጅ ወደተባለ አነስተኛ የብሉዝ ቤት ጎራ ብለው ከጥቁር አሜሪካዊው የብሉዝ ሙዚቀኛ ከማዲ ዋተርስ ጋር ተጫወቱ። የባንዱ ስም የተወሰደው ከዚህ ሰው ዘፈን ነው፤ በ1961 ጃገርና ሪቻርድስ በዳርትፎርድ ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ ጃገር ይዟቸው የነበሩት ሸክላዎችም የእርሱና የአሜሪካዊው የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ የቸክ ቤሪ ነበሩ። የ19 ዓመት ሥራ ከኋላቸው፣ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ አልበም በእጃቸው፣ መምህራቸው በጎናቸው ሆኖ ለመሰናበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከዚያ ወዲህ አላገኙም።

የተከተለውን እናውቃለን። ጃገር በ1985 ብቻውን አልበም አወጣ፤ ባንዱም ከ1983 እስከ 1988 አንድም የኮንሰርት ጉዞ ሳያደርግ ሁለቱ ሰዎች በጋዜጣ ሲወራረፉ ከረሙ። በ1989 የታረቁት ሙዚቃው ናፍቋቸው ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ካናዳዊው አዘጋጅ ማይክል ኮል ኮንሰርቱን፣ ስፖንሰሩን፣ ቲሸርቱንና የቴሌቪዥን መብቱን በአንድ ጥቅል ገዝቶ ያቀረበላቸው ገንዘብም መዘንጋት የለበትም። ከዚያ ወዲህ ባንዱ ኩባንያ ነው። በ1993 ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ዋይማን መልቀቁ ከተነገረ በኋላ የገባው ዳሪል ጆንስ ይህን ሁሉ ዓመት ቤዝ ጊታሩን ይዞ ሲጫወት ከባንዱ አባላት ጋር አልተቆጠረም። ከ2005 እስከ 2007 የተደረገው ጉዞ 558 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ በጊዜው ክብረ ወሰን ሆነ። የ2024ቱን የአሜሪካ ጉዞ ስፖንሰር ያደረገው ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ለሆናቸው አሜሪካውያን የቆመው ኤ ኤ አር ፒ የተባለው ማኅበር ነው። ይህን የማነሣው ለቀልድ አይደለም፤ ገበያው ማን እንደሆነ አዘጋጆቹ ራሳቸው አሳምረው ያውቃሉ።

ተቃዋሚ

ወንድሜ ባቀረቡት ቁጥር ላይ አልከራከርም። እንዲያውም ልጨምርላቸው፤ የ1986ቱ ደርቲ ወርክ የተባለው አልበም ጨርሶ ባይወጣ ኖሮ ቅር የሚለው ሰው የሚኖር አይመስለኝም። የማልቀበለው መለኪያቸውን ነው። ይህ ባንድ ሲጀመር የተቋቋመው አዲስ ዘፈን ለመድረስ አልነበረም። የመጀመሪያው ነጠላ ሸክላ የቸክ ቤሪ ዘፈን ነበር፤ የ1964ቱ የመጀመሪያ አልበምም ከሞላ ጎደል ሌሎች የደረሷቸውን ዘፈኖች የያዘ ነው። ጃገርና ሪቻርድስ ድርሰት የጀመሩት ሥራ አስኪያጃቸው አንድሩ ሉግ ኦልድሃም ስለወተወታቸው ነው፤ ሙሉ በሙሉ የእነርሱ የሆነ አልበም የወጣው ገና በ1966 ነው። ከዚያ በፊት የብሉዝ ባንድ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ከሥሩ ያው ናቸው፤ ብሉዝ ደግሞ የሚኖረው በመደረሱ ሳይሆን በመጫወቱ ነው።

ስለ ቼከርቦርድ ላውንጅ የተነሣው ነገር ለእኔ የሚመሰክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚያ ምሽት በመድረኩ መሐል የነበረው ከ65 ዓመት ያለፈው ማዲ ዋተርስ ነው፤ ካቀረባቸው ዘፈኖች ውስጥ ስመ ጥር የሆኑት በ1950ዎቹ ያስቀረጻቸው ነበሩ። በ1983 ሳይሞት በፊት መድረኩን የተወው በፈቃዱ ሳይሆን ጤናው ስለከለከለው ነው። ተከራካሪዬ ለተማሪዎቹ የሚመኙላቸውን ጡረታ መምህሩ ለራሱ አልመረጠውም።

አሁን ወደ ጊታሩ ልግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኪዝ ሪቻርድስ የጊታሩን ቅኝት ለወጠ። ኦፕን ጂ በሚባለው ቅኝት ቃኝቶ፣ ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ጨርሶ አውጥቶ፣ በአምስት ክር ብቻ መጫወት ጀመረ። በዚህ ቅኝት ክሮቹ በጣት ሳይጫኑ ሲመቱ ሙሉ የጂ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይሰጣሉ፤ አንድ ጣት በአግድም ሲያርፍባቸው ሌላ ኮርድ ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ ሁለት ጣት ሲጨመርና ሲነሣ ደግሞ ባንዱን በሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚያስለየው፣ ተንጠልጥሎ የሚመለሰው ድምፅ ይወጣል። ጊታር ተጫዋቹ ሚክ ቴይለር በነበረባቸው ከ1969 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር፤ ሪቻርድስ ሪትሙን ይይዛል፣ ቴይለር በላዩ ላይ ሊዱን፣ ማለትም ጎልቶ የሚሰማውን ዜማ፣ ይጫወታል። በ1975 በቦታው የመጣው ሮን ውድ ግን እንዲህ ያለ ተጫዋች አይደለም። ሁለቱ ሽመና ብለው የሚጠሩት አጨዋወት አላቸው፤ አንዱ የጀመረውን ሐረግ ሌላው ይጨርሰዋል፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ክፍተት ይተውለታል፤ አልፎ አልፎም የትኛው ጊታር የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ዛሬ ሮክ ሰምቶ ያደገ ጊታር ተጫዋች ሁሉ ኮርዶቹን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጠና ይችላል፤ ያንን ክፍተት ግን ማንም አላጠናውም፤ ከአንድ ሰው ጋር ዕድሜ ልክ በመጫወት ብቻ የሚገኝ ስለሆነ ነው።

ከሁለቱ ሥር ደግሞ ከ1963 መጀመሪያ አንሥቶ በ2021 እስኪሞት ድረስ ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ ነበረ። ጃዝ የሚወደው ይህ ሰው ግራ እጁ ስኔር የተባለውን ከበሮ በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ሃይሃት ከተባሉት ጥንድ ጸናጽሎች ላይ ያነሣ ስለነበር የከበሮው ድምፅ አየር ያገኛል። ሌሎች የሮክ ባንዶች ከበሮ መቺያቸውን ሲከተሉ፣ ዋትስ የሪቻርድስን ጊታር ከኋላ ከኋላ ይከተል ነበር፤ ሙዚቃው ሊፈርስ ደርሶ የማይፈርስ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ በ1964 መጨረሻ በእንግሊዝ አንደኛ የወጣላቸውን፣ ቀደም ሲል የብሉዝ ዘፋኙ ሃውሊን ዎልፍ ያስቀረጸውን «ሊትል ሬድ ሩስተር» ይስማና፣ በመቀጠል በዲሴምበር 2015 ለንደን ውስጥ በሦስት ቀን የቀረጹትን ብሉ ኤንድ ሎንሰም የተባለ አልበም ይስማ። የመጀመሪያው ጎበዝ ተማሪዎች በጥንቃቄ የሠሩት ነው። በሁለተኛው ላይ ያሉት 12 የብሉዝ ዘፈኖች ግን በባለቤቶቹ እጅ እንዳሉ ሆነው ይሰማሉ፤ የጃገር ሃርሞኒካም፣ ድምፃዊነቱና ውዝዋዜው ሸፍኖት የኖረ ትልቅ ችሎታ መሆኑ እዚያ ላይ ታይቷል። አልበሙ በ2018 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል፤ ሽልማቱ ባይኖርም ሐሳቤ አይለወጥም ነበር።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ እመልሳለሁ። በ1960ዎቹ ያስቀረጿቸው ሥራዎች መብት በቀድሞው ሥራ አስኪያጃቸው በአለን ክላይን ኩባንያ እጅ ቀርቷል። የወጣትነታቸው ሥራ ለሌላ ሰው ሲያተርፍ የኖረባቸው ሙዚቀኞች መድረኩን አጥብቀው ቢይዙ አልፈርድባቸውም።

የደጋፊው መልስ

እኅቴ ስለ ጊታሩ የጻፉትን በደስታ አነበብኩ፤ ነገር ግን ያመሰገኑት ነገር ከእኔ ድንበር ከ1981 በፊት የተፈጸመ ነው። የሪቻርድስና የውድ አጨዋወት ተሟልቶ የተሰማው በ1978 በወጣው ሳም ገርልስ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በተሻለ ሁኔታ የተሰማበትን አልበም እንዲነግሩኝ እጠብቅ ነበር፤ የተጠቀሰልኝ ብሉ ኤንድ ሎንሰም ብቻ ነው። ያ አልበም ጥሩ መሆኑን አልክድም፤ ግን እንዴት እንደተገኘ መታወቅ አለበት። ወደ ስቱዲዮ የገቡት አዲስ ድርሰቶች ለመቅረጽ ነበር፤ ሥራው አልገፋ ሲል እጅ ለማሟሟቅ አንድ የቆየ የብሉዝ ዘፈን ተጫወቱ፤ እርሱ ስለቀናቸው ቀጠሉበት። አዲስ ድርሰቶች የያዘው ሃክኒ ዳይመንድስ የተባለው አልበም እስኪወጣ ድረስ ገና ስምንት ዓመት ገደማ ቀርቶ ነበር። ይህ የእኔን ሐሳብ ያፈርሳል ወይስ ያጸናል?

የማዲ ዋተርስ ምሳሌም ቢሆን ሲመረመር ሌላ ነገር ያሳያል። ማዲ በመጨረሻ ዓመታቱ ቁጭ ብሎ በስሙ አልኖረም። በ1977 በጊታር ተጫዋቹ በጆኒ ዊንተር አዘጋጅነት ሃርድ አጌን የተባለውን አልበም አወጣ፤ ከዚያም እስከ 1981 ድረስ በመድረክ የተቀረጸውን ጨምሮ ሦስት ተጨማሪ አልበሞችን አሳተመ፤ ያውም ጤናው እያሽቆለቆለ ሳለ። በአራት ዓመት አራት አልበም ያወጣን ሽማግሌ፣ በ18 ዓመት ውስጥ አንድ አዲስ የድርሰት አልበም ማውጣት ካቃታቸው ሰዎች ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ማዲ ሲቀጥል ሥራውን ቀጠለ፤ እነርሱ ሲቀጥሉ ዝግጅቱን ቀጠሉ። ዛሬ በኮንሰርታቸው ላይ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ የሚያዜማቸውን ዘፈኖች ብንቆጥር ከ1981 ወዲህ የተደረሰ አንድ እንኳ ማግኘት ያዳግታል። ታዳሚው ለዘፈኖቹ ሲያጨበጭብ የሚያመሰግነው የ25 ዓመት ወጣቶችን ነው፤ ሒሳቡን የሚቀበሉት ደግሞ የ80 ዓመት ሰዎች ናቸው።

የተቃዋሚዋ መልስ

ሃርድ አጌን የተነሣው በጥሩ ጊዜ ነው። የአልበሙ መክፈቻ «ማኒሽ ቦይ» ነው፤ ማዲ ዋተርስ ይህን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀረጸው በ1955 ነበር። በዚያው አልበም ላይ በ1940ዎቹ ያስቀረጸው ሌላ ዘፈንም አለ። ወንድሜ የአዲስ ሥራ አብነት አድርገው ያቀረቡልን አልበም፣ አንድ አዛውንት የወጣትነት ዘፈኖቹን እንደገና የተጫወተበት ነው። ለዚህም ነው ግሩም የሆነው፤ የ1977ቱን ቀረጻ የሰማ ሰው የ1955ቱን ሲሰማ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ይረዳል። ለማዲ የሚፈቀደው ለጃገርና ለሪቻርድስ የሚከለከልበት ምክንያት አልተነገረንም።

ብሉ ኤንድ ሎንሰም ሳይታሰብ የተገኘ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ሆኖም አዲሱ አልገፋ ሲል እጃቸው በራሱ ወደዚያ መሄዱ የባንዱ መሠረት የት እንዳለ ይነግረናል እንጂ መድከማቸውን አያሳይም። ዋትስ በሞተ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ጉዞ ሲጀምሩ፣ ከበሮውን የያዘው ስቲቭ ጆርዳን ከእርሱ ይልቅ በኃይል የሚመታ በመሆኑ፣ እነዚያው የቆዩ ዘፈኖች ሌላ ቅርጽ ያዙ። ጊታሮቹ ለአዲሱ ከበሮ ቦታ ሲያመቻቹ መስማት ለእኔ ከብዙ አዲስ ድርሰት ይበልጣል፤ ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው ቢባል አልከፋም።

ዘፈኖቹ አሮጌ ናቸው ለሚለው ደግሞ፣ ለማን? ብዬ እጠይቃለሁ። ማርች 25 ቀን 2016 በሃቫና በነፃ ባቀረቡት ኮንሰርት ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቷል። በአብዮቱ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት እንዲህ ያለ ሙዚቃ በኩባ በመጥፎ ዓይን ይታይ ስለነበር ከታዳሚው ውስጥ ሸክላውን ተደብቀው የሰሙ ነበሩበት። ለእነርሱ የ1969ኙ ዘፈን በዚያ ምሽት የደረሰ ነው። ስለ ትኬቱ ዋጋ ግን ጥብቅና አልቆምም፤ ውድ ነው፤ እኔም ከፍዬ አላውቅም።

የቀረችኝ የድንበሩ ጉዳይ ናት። በ1976 ብላክ ኤንድ ብሉ የተባለው አልበም ሲወጣ፣ ባንዱ አለቀለት፣ የሚለው የሌለው ነገር ለመለማመጃ የተቀረጸ ጨዋታ እየሸጠ ነው ብለው የጻፉ ተቺዎች ነበሩ። ዛሬ ተከራካሪዬ በ1981 ላይ የሚያቀርቡት ምክንያት ያን ጊዜ ከነሙሉ ክብደቱ ቀርቦ ነበር፤ ቴይለር ሄዷል፣ አዲሱ ጊታር ተጫዋች ገና አልለየለትም፣ ከታላላቆቹ አልበሞች በኋላ አራት ዓመት አልፏል። ፍርዱ ተፈጻሚ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሳም ገርልስ በ1978 ባልወጣ ነበር፤ ወንድሜም የሽመናው ምርጥ ማሳያ ብለው በእኔ ላይ ሊጠቅሱት ባልቻሉ ነበር።