የትምህርት እርዳታው መመለሱ አንድ ነገር ነው፣ ስልክ መደወሉ ሌላ

ስለ ዕፅ ሕግ ያነበብኩት ጽሑፍ የአሜሪካ ተማሪዎች ሕጉ እንዲሻሻል ያደረጉትን ትግል በአንድ አንቀጽ አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የገባው ድንጋጌ ዕፅ ይዞ የተፈረደበትን ተማሪ ከፌዴራል የትምህርት እርዳታ ያግድ ነበር፦ መጀመሪያ 1 ዓመት፣ ሲደግም 2 ዓመት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ላልተወሰነ ጊዜ። እገዳው ሳያልቅ እርዳታውን መልሶ ለማግኘት ሁለት ድንገተኛ የዕፅ ምርመራ ያለበት የማገገሚያ ፕሮግራም መጨረስ ነበረበት። የክፍያ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ እርዳታ ስለማይጠይቅ ቅጣቱ አይነካውም ነበር፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው! በ2006 እገዳው እርዳታ እየወሰዱ ለፈጸሙት ጥፋት ብቻ ተወሰነ፤ በ2020 መጨረሻ የወጣው ሕግ ደግሞ አስቀረው።

አሁን የሚገድለው ፍርሃት ነው። ጓደኛው ዕፅ በዝቶበት ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ፖሊስ ይመጣል ብሎ ሳይደውል የሚቀር አለ። ኒው ሜክሲኮ በ2007 ደዋዩንና ታማሚውን ከክስ የሚጠብቅ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሕጎች ብዙውን ጊዜ ዕፅ ይዞ ከመገኘት ክስ እንጂ ከሽያጭ ክስ ወይም ከቆየ የእስር ማዘዣ አያድኑም። የዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ቅጣትም ለብቻው ነው፤ ከመኝታ ክፍል መባረር ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎች የግቢው ደንብ ደዋዩንም ታማሚውንም በግልጽ እንዲጠብቅ፣ እንደ ሄሮይን ያለ ዕፅ ሲበዛ ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት ናሎክሶንም በየመኝታ ሕንፃው እንዲቀመጥ ይጠይቁ።