እርማት፦ የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር በ1980 እ.ኤ.አ. ገንዘብ አልተሰጠውም
ወንድሜ፣ «ፕሬዚዳንት ካርተር ሊከስር ለተቃረበው ክራይስለር 1.5 ቢሊዮን ዶላር ቆጥሮ ሰጠው» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። በጥር 1980 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ሕግ እስከ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የብድር ዋስትና ነበር። ያበደሩት የግል አበዳሪዎች ናቸው፤ መንግሥት «ካልከፈለ እኔ አለሁ» ብሎ ዋስ ሆነ፣ ኩባንያውም 1.2 ቢሊዮኑን ብቻ ወሰደ፤ እሱም ቢሆን ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ባንኮቹም ቀድሞ ካበደሩት ዕዳ ቀንሰው ነው። የኩባንያው ኃላፊ ሊ አያኮካ ራሱ ለአንድ ዓመት ደመወዜ 1 ዶላር ይሁን ብሎ ነበር (በባዶ ሆዱ ሠራ ማለት ግን አይደለም!)። ከዚያ ኬ-ካር የሚባሉት፣ ትንንሽ ሆነው ስድስት ሰው የሚጭኑት መኪኖች ገበያውን ያዙ፤ ዕዳው በ1983፣ ከቀነ ገደቡ 7 ዓመት ቀድሞ አለቀ። መንግሥትም ለዋስትናው በያዘው አክሲዮን የመግዛት መብት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። መንግሥት በቀጥታ ያበደረውና ኩባንያው በኪሳራ ፍርድ ቤት የገባው በ2009 ነው፤ ሁለቱን ነው ያምታታኸው።